ስልክ የማይደውለው ጨርቅ

ዘንድሮ ዳይፐር ልክ ሲርስ እናትየው ስልክ ላይ ይደውላል። ትርሲትም ልጇን ኪሩቤልን ከተወለደ ጀምሮ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እየሮጠች ስትቀይረው ኖራለች። መቀመጫውን ሽፍታ ሲጨርሰው ግን፣ ዛሬ ጠዋት እናቷ ያረጀ ነጠላ ቀደው ሽንት ጨርቅ አሰሩለት።

ስልኩ ዝም አለ፤ ልጁም ዝም አለ። ትርሲት ሥራዋን ቀጠለች።

እናቷ ከገበያ ተመልሰው ሲያቅፉት ጨርቁ በሽንት ርሶ ቀዝቅዟል።

«አንቺ! ልጁ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ! አልሰማሽውም?»

«አላለቀሰም፣ እማዬ።»

«እንዴት አያለቅስም?»

«አልቅሶ አያውቅም። ሁሌም ሳያለቅስ ነው የምደርስለት» አለች፣ ኮራ ብላ።

እናቷ እርጥቡን ጨርቅ እየፈቱ የልጁን ዓይን አሳዩዋት።

ኪሩቤል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አፍጥጦ ያያል፤ እስኪጮኽለት እየጠበቀ።