የሩፋኤል ዝናብ

ዝናቡ መቆሙን የሚያበስረው ጥሩምባ ሲነፋ፣ ሶልያና የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ የወጠረችውን ላስቲክ እያላቀቀች ነበር። ሰማዩ የየእርሻውን ፀረ ተባይ ማዝነብ ከጀመረ ወዲህ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከተማው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ወደ ሳሎን ስትወጣ የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ፌቨን ከበረንዳው ሳፋ እየጎተቱ ሲያስገቡ ደረሰች። ሳፋው በዝናብ ውሃ ተሞልቷል፤ ቤቱ የትኋን መድኃኒት ይሸታል። ጨቅላ ልጇ ራቁቷን ሶፋው ላይ ተጋድማ እግሯን ታወራጫለች።

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል አይደለም እንዴ? ዛሬ የሚዘንበው ጠበል ነው። እኛን ያሳደገን እሱ ነው፤ ልጅቷንም ላጥባት ነው።"

ሶልያና ልጇን አፈፍ አድርጋ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

"የጎረቤታችን ልጅ አምና በዚሁ ዝናብ ቆዳዋ ሲላጥ በዓይንዎ አላዩም?"

"እናቷ እምነት የላትማ። አንቺም የለሽም።"

ሶልያና ከጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አነሳች፤ ከሳፋው ቀዳችና ዘረጋችላቸው።

"እንግዲያው እርስዎ ይቅደሙ።"

እትዬ ፌቨን ብርጭቆውን አዩት። እጃቸው ግን ከቀሚሳቸው ላይ አልተነሳም።

"ቁርስ በልቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው።"

ሶልያና ጠረጴዛውን ዞር ብላ አየች። ማለዳ ያቀረበችላቸው ፍርፍር እንደተከደነ ነው።

ብርጭቆውን እንደዘረጋች ቆመች።