የሰዓት ሠሪው ሩጫ

ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘግቶ መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ሚስቱን እንቅልፍ ከድቷታል።

ሱቁን ሲዘጋ የሰጣት ምክንያት የሚያጣላ አልነበረም። «ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ነው የሚያየው፤ ማንን ልጠብቅ?» አላት። እሷም ልብስ ሰፊ ናት። ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ ገበያዋን እንዴት እንዳደረቀባት ስለምታውቅ ከልቧ አዘነችለት። ሩጫው ግን አልዋጥልሽ አላት። ዕድሜ ልኩን ተቀምጦ የሠራ ሰው፣ አውቶቡስ ቢያመልጠው እንኳ የሚቀጥለውን የሚጠብቅ ሰው፣ ጧት ጧት ቱታውን አጥልቆ ወደ መናፈሻው መውጣት ያዘ።

መናፈሻው የሚጀምረው ከቤታቸው አጥር ጥግ ነው። ውስጡ ኩሬ አለ፤ ኩሬውን የሚዞር፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያልፍ፣ በጠባብ የእንጨት ድልድይ የሚሻገር መንገድም አለ። ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። በአዘቦት ቀን ጧት ግን ስኳር ያለባቸውና ልባቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ ወንዶች ናቸው የሚዞሩት።

«በስልሳ ዓመቱ ቱታ የለበሰ ወንድ፣» አለቻት እህቷ ቁራጭ ጨርቅ እያጣጠፈች፣ «ወይ ሐኪም አዞታል፣ ወይ ሴት አዛዋለች።»

«ሐኪም ቢሆንማ ይነግረኝ ነበር።»

«እንግዲያው የቀረውን አንቺው ድረሺበት።»

«አንቺ ደግሞ! እሱ እኮ ሴት ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነው።»

«ማን ቀና በል አለው? አጭር ትሆናለቻ!»

ሳቁ። እህቷ ስትሄድ ግን ሳቁም አብሯት ሄደ።

በዚያው ሰሞን፣ ምን እንደነካት ሳታውቅ፣ ጸጉሯን እስከ ጆሮዋ ተቆረጠችው። የሚወደው ጸጉር ነበር። እራት ቀረበ፣ ተበላ፣ ሳህኑ ተነሳ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱም ዝም። ድሮ ከሥራ ሲገባ ከስፌት መኪናዋ ጎን ቁጭ ብሎ የእጅ መርፌዎቿን ክር ያስገባላት ነበር። ሌሎች ባሎች አበባ ይዘው ይገቡ ይሆናል፤ የእሷ ባል ክር ያስገባል። አሁን ግን ስትለምነው «እጄ ደክሟል፣ ዛሬስ ማሪኝ» ይላል። ስልኩ ሲጮህ ደግሞ ወደ ጓሮ ይወጣል።

«እስከ መቼ ነው ይሄ ሩጫ?» አለችው አንድ ቀን።

«መንገዱን እስክለምደው።»

«ምኑ ይለመዳል? ዞረህ ዞረህ እዚያው ነህ!»

«ሳይመሽብኝ ልልመደው ብዬ ነው» አላት ቀስ ብሎ።

ሳይመሽብኝ! አሃ፣ አለች በሆዷ። ወንዶች እርጅና ደጃቸው ሲደርስ የሚይዛቸውን በሽታ ታውቀዋለች፤ በሌሎች ሴቶች ቤት አይታዋለች። በራሷ ቤት ግን አልጠበቀችውም።

በማግስቱ ተከተለችው። የአጥሩን ብረቶች አንድ በአንድ በጣቶቹ እየነካካ ሄደ፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ መሰላት። ደስታው አንገበገባት። በሩ ላይ ቢጫ ቱታ የለበሰች ወጣት ትጠብቀው ነበር። ልጅ ቢወልዱ ኖሮ ልጃቸውን የምታክል። ክንዱን ያዝ አድርጋ ይዛው ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ከአንድ ዛፍ ኋላ ቆመች። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ እግራቸውን እንደ አንድ ሰው እያነሱ እየጣሉ መጡ። በእጃቸው የአንድ ጫማ ማሰሪያ ጫፍና ጫፉን ይዘዋል። የአፍላ ፍቅረኞች ጨዋታ! መንገዱ ሲታጠፍ ልጅቷ «ወደ እኔ! ጠጋ በል ወደ እኔ!» አለችው፤ እሱም ጠጋ አለ። ሳቀችለት፤ ሳቀላት።

ልብስ ሰፊዋን ያቃጠላት ሳቁ አልነበረም። «በል» መባሉ ነው። እሷ እንኳ ተጋብተው ስንት ጊዜ «አንቱ» ስትለው ኖራ፣ «አንተ» ማለትን ያስለመዳት እሱ ራሱ ነው፤ ለምኖ፣ አኩርፎ፣ አባብሎ። ይህቺ ትናንት የተወለደች ግን እንደ እኩያዋ ታዘዋለች።

ቤት ገብታ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ለጸብ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። የምትለውን ስታሰላስል አድራ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ መረጠች፦ «ቤቱን ትቼላታለሁ።» ይህን ፊት ለፊት ትነግረውና እህቷ ዘንድ ትሄዳለች።

ጧት እሱ ሲወጣ ቆየት ብላ ወጣችና ድልድዩ መሃል ላይ ቆመች። ከሁለት ሰው በላይ ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ሊሸሻት አይችልም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ አወረደችው፤ ይያት፣ የተቆረጠውን ጸጉሯንም ይየው ብላ። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ አረፈች።

መጡ። እንጨቱ በእርምጃቸው ተንቀጠቀጠ።

«ሰው አለ፣ ቁም!» አለችው ልጅቷ።

ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። አልደነገጠም። ዐይኑን አላሸሸም፤ ፊቱም አልቀላም። ያን ያህል ዘመን አንድ ትራስ የተጋራችው ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ያያታል። ድፍረቱ አንጀቷን በጠሰው። ያዘጋጀቻትን ዓረፍተ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች።

እሱ ፈገግ አለ። መንገድ ላይ ለሚያገኙት ለማንም ሰው የሚሰጥ ጨዋ ፈገግታ ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ መንገድ ዘጋንብዎ» አላት።