መጽሐፉ ውስጥ ያለችው አንዲት ውሸት

መጽሐፉን ያላነበበ ሁሉ ተናደደበት። ያነበበው ደግሞ ማንም አልነበረም።

መንደሯ ከሽኮደር ከተማ በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ናት። አውቶቡሱ እንኳን ግማሽ መንገድ መጥቶ፣ ተሳልሞ የሚመለስባት ናት ይባላል። መጽሐፉ ግን ደረሰ። ከዋና ከተማው ከቲራና ለትምህርት ቤቱ በስጦታ በተላከ ካርቶን ውስጥ ነበር። የመንደሩ ብቸኛ አስተማሪ ሚሞዛ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ አቆመችው። አንዲት ተማሪ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። አባቷ ሌክ፣ ባለ ካፌው፣ የጀርባውን ጽሑፍ አነበበና የያዘው ስኒ ከእጁ ወደቀ። የስኒው ድምፅ ወንዝ ማዶ ድረስ ተሰማ ብለው የሚምሉ አሉ።

ጀርባው ላይ የተጻፈው ይኼ ነው፤ ሴት ሆና ተወልዳ «እኔ ወንድ ነኝ» ስላለች የከተማ ልጅ። ቲራና ውስጥ ሰልፍ ወጥቶበታል። ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ምሁራን ውሃ ተራጭተውበታል።

ቀትር ሳይሆን ወሬው ቀንድ አበቀለ። መጽሐፉን የነካች ሴት ፂም ታወጣለች ተባለ።

«እስቲ አምጡልኝ» አለች አሮጊቷ ሉሌ፣ አገጯን እያሻሸች። «ያለኝ አንድ ፀጉርም ጓደኛ አጥቷል።»

ሚሞዛ አልሳቀችም፣ አልፈራችም። ምንም አልተሰማትም። ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚሆነው፣ መላ ሰውነቷ ደንዝዞ ነበር። ከዚህ በፊት ከሁለት ትምህርት ቤት ተነስታለች፤ ከዚህ ከተባረረች ሌላ የሚቀበላት የለም። ሻንጣዋን ሸከፈችና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ፕሬንድ ቤት ትጠሪያለሽ» አለቻት ሉሌ። «የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ካንቺ በፊት የነበረውን አስተማሪ ያባረሩት ራኪያ አረቄው ላይ ውሃ ሲጨምር አይተው ነው።»

ሚሞዛ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው።

ስለ ጋሽ ፕሬንድ የሰማችውም ከዚህ የሚሻል አልነበረም። ሦስት ወንድሞቻቸው በደም ቂም አልቀው ቤቱ የቀረው ለእሳቸው ነው። ገና በወጣትነታቸው አሥራ ሁለት ሽማግሌ ፊት «አላገባም» ብለው ማሉ፤ በመሐላቸው እንደጸኑ ሰማንያ ሞላቸው። መሬት ሲካለል የሚጠሩት እሳቸው፣ ባልና ሚስት ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው። ፂማቸው ምነው ጠፋ ሲባል፣ የተራራው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ይላጭላቸዋል ይባላል።

በማግስቱ ወንዶቹ ምድጃውን ከበው ተቀመጡ። ሴቶቹ በሩ ጋ ቆሙ። ጋሽ ፕሬንድ ነጭ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከላይ፣ የአባታቸው ጠመንጃ ከተሰቀለበት ሥር ተቀምጠው ትንባሆ ይጠቀልላሉ። አንዲት አራስ ልጇ አለቀሰባት። ጡት ልትሰጠው ለወንዶቹ ጀርባዋን አዞረችና፣ ፊቷን ወደ ጋሽ ፕሬንድ አድርጋ ማጥባት ጀመረች።

«ይኼ የከተማ በሽታ ነው» አለ ሌክ፣ መጽሐፉን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ። «ሴት ወንድ ሆነች ይላል። እዚህ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ጉድ ታይቶ ያውቃል? ጋሽ ፕሬንድ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት።»

ሉሌን ሳል ያዛት። መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«አንብበኸዋል?» አሉ ጋሽ ፕሬንድ።

«ጀርባውን።»

«በግ ስትገዛ ጀርባውን ብቻ አይተህ ነው የምትከፍለው?»

ወንዶቹ ሳቁ። ሌክ ጆሮው ቀላ።

«ስጣት። አስተማሪ፣ አንብቢልን።»

ሚሞዛ አነበበች። የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል፣ ሳትወጣ ሳትወርድ አነበበች። ልጅቷ የወንድሟን ሱሪ የለበሰችበትን፣ ሹሩባዋ ሲቆረጥ ያለቀሰችበትን፣ ጎረቤት በር የዘጋባትን። የጋሽ ፕሬንድ ሲጋራ ሳይሳብ ነዶ፣ አመዱ እንደ ቀንድ ጎበጠ።

ስትጨርስ አመዱን ምድጃው ውስጥ አራገፉ።

«ውሸት አለበት» አሉ ጋሽ ፕሬንድ።

«እኔስ ምን አልኩ!» ሌክ ተነስቶ መጽሐፉን ከእጇ ነጠቀ፣ ወደ እሳቱ ዞረ።

«አስቀምጥ።» ድምፃቸውን አላነሱም። ሌክ ግን እዛው ደረቀ። «ያለችበት አንዲት ውሸት ናት። ለአንዲት ውሸት እሳት የሚለኮስ ቢሆን፣ ያንተ ካፌ ዛሬ ወንበር አይተርፈውም ነበር። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ይመለስ። አስተማሪዋም እዚሁ ትቀመጥ። ውሸቷን የምታርማት እሷ ናት።»

ሌክ ወንዶቹን አየ። ወንዶቹ ምድጃውን አዩ። መጽሐፉን መልሶ ሰጣት።

ሚሞዛ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የደነዘዘው ሰውነቷ እንደ መርፌ ይወጋት ጀመር።

«የትኛዋን ነው የማርማት፣ ጋሽ ፕሬንድ?»

ጋሽ ፕሬንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አጭሩን ሽበታቸውን በትንሽ እጃቸው ዳበስ አደረጉ።

«ልጅቷ ሹሩባዋ ሲቆረጥ አለቀሰች ይላል» አሉ። «የኔ የተቆረጠ ዕለት ያለቀሰው አባቴ ነው፤ ‹አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ› እያለ።»