መዳፍ ላይ የተጻፉ ሁለት ቃላት

አንድ የእርዳታ ድርጅት ለነጌሌ ቢሮው አስተርጓሚ ፈለገ። ብዙ ሰው ለፈተናው ተመዘገበ። መምህር ወልደሥላሴ ግን ማንንም አልፈራም። አሥራ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። ይህ ሥራ ካመለጠው እስከ ጡረታው የጠመኔ ብናኝ ሲቅም እንደሚኖር ያውቃል።

ዝርዝሩ ላይ የዳባሶን ስም ሲያይ ሳቀ። ዳባሶ የቀድሞ ተማሪው ነው፤ አሁን የከብት ተራ ደላላ። ሰሞኑን ደብተር ይዞ ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲሸመድድ ይታያል።

«የበሬ ጥርስ አይቶ ዕድሜ መገመት ለምዷል» አለ ወልደሥላሴ ለመምህራኑ። «እንግሊዝኛም አፉን ከፍተው የሚያዩት መሰለው።»

ለፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ዳባሶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀው። ደብተሩን አልያዘም። መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ቃላት ጽፏል። ላብ አደብዝዟቸዋል።

«አካም፣ ቲቸር። የእነዚህን ትርጉም ይንገሩኝ፤ ቸኩያለሁ። እቤት እኮ...»

«አውቃለሁ። አገር ያወቀውን ልትደብቀኝ ነው?»

«አይ ቲቸር፣ እኔ...»

«ተወው! የሥራ ማስታወቂያውን እኔም አይቻለሁ። እጅህን አሳየኝ።»

አንደኛው «ዳይሉት» ይላል፤ በውሃ አቅጥን ማለት ነው። ሁለተኛው «ዲስኮንቲኒው»፤ አቋርጥ። ወልደሥላሴ ሁለቱንም አሳምሮ ያውቃል።

«የመጀመሪያው ‹ምንም ሳትጨምር፣ እንዳለ› ነው» አለው። «ሁለተኛው ‹ሳታቋርጥ ቀጥል›።»

ዳባሶ ጎንበስ ብሎ የመምህሩን እጅ ሳመ።

«ገለቶማ፣ ቲቸር። አላህ ውለታዎን ይክፈልዎ!»

እየሮጠ ሄደ።

ወልደሥላሴ ምሳ ላይ ለሚስቱ ለሐረገወይን ሲያወራላት ትን እስኪለው ሳቀ። «ደላላን በደላላ ዋጋ ሸኘሁት» አላት። እሷ አልሳቀችም። «ቢነግሩት ምን ነበረበት?» አለች።

«ይሄ ሁሉ ዓመት የለፋሁት ለፍየል ነጂ ልለቅ ነው?»

በፈተናው ቀን የዳባሶ ወንበር ባዶ ነበር። ወልደሥላሴ የተጠየቀውን ቃል ሁሉ መለሰ። አንደኛ እንደሚወጣ አልተጠራጠረም። ሲወጣ፣ አብሮት የተፈተነውን የዳባሶን ጎረቤት ጃልዴሳን በር ላይ አገኘው።

«ጎረቤትህ የት ገባ? ቃላቱ ከበዱት?»

ጃልዴሳ ቆም ብሎ አየው።

«አንቱ አልሰሙም እንዴ፣ ቲቸር? ትንሿን ልጁን ዱንያን ትናንት ቀበረ፤ ከሞያሌ ያስመጣላትን ሽሮፕ ጠብታ ውሃ ሳይጨምር ነው አሉ የሰጣት፣ ስታስመልስም አላቋረጠም።»