የናሆም ተረከዝ

ባለቤቴ ናሆም ከሰፈሩ ጤና ቡድን ጋር ኳስ ሲጫወት የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። በድሮው ሕክምና ዓመት ሙሉ ያነክስ ነበር። ዛሬ ግን የቤተሰብ ሰው ሕመሙንና ማነከሱን ከተረከበለት በሁለት ወር ይድናል። መቼም ሞኝ ነኝ፣ ልረከብለት ፈረምኩ።

የዚያን ቀን እጄን ይዞ አልቅሷል። አሁን ግን ቴሌቪዥን እያየ ተረከዙን የማንሳት መልመጃውን ይሠራል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ግድግዳ እይዛለሁ። ሐኪሟ ስትደውል "ሕመምህ ከአስር ስንት ነው?" ትለዋለች። "ዜሮ" ይላታል። የእኔን ማን ይጠይቃል።

ዛሬ እሑድ ጠዋት የኳስ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት።

"ገና አምስተኛ ሳምንትህ ነው" አልኩት።

"ምንም አይሰማኝም እኮ።"

"አንተማ ምን ይሰማሃል።"

"ሰው ጎድሎባቸው ነው፣ ለአንድ አጋማሽ ብቻ። ማልያዬስ?"

"ገመዱ ላይ። ከመፈረሜ በፊት እንዳሰጣሁት ነው።"

"እስካሁን ሳታወርጂው?"

"በእግር ጣቶቼ ካልቆምኩ አልደርስበትም።"

አፍሮ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ግቢ ወጣ፤ በጣቶቹ ቆሞ ማልያውን አወረደና ለብሶት ሄደ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል።