ፓራውልቱ የተነቀለ ዕለት

«ኧረ የሰው ያለህ! መኪናው ወጣበት!» ብዬ ጮህኩ። ከመኪናው ሥር የሚታዩኝ የጎረቤቴ ሁለት እግሮች ብቻ ነበሩ።

«እትዬ ብርቄ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ቀስ ይበሉ!» አሉኝ እግሮቹ።

መኪናው የሚስቱ ታላቅ ወንድም የጋሽ ዘርይሁን ነው። ከስንት ልመና በኋላ አውሰውት፣ ትናንት ግቢ ሲያስገባው የበሩን ብረት ነካ አደረገ። ወርዶ ቢያይ የፊት ፓራውልቱ ጎድጉዶ ተሰንጥቋል። ጋሽ ዘርይሁን ዛሬ ሊወስዱት ይመጣሉ፤ ካወቁ ደግሞ ሁለተኛ ቁልፉን አያሳዩትም።

ብሎኖቹን ፈትቶ ፓራውልቱን አወረደው። በእኔው ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ እያፈሰሰበት ከውስጥ ሲገፋው፣ ጎድጓዳው ፕላስቲክ ብቅ አለ። ስንጥቁን በቀጭን ሽቦ ሰፋው።

«እንዲህ ባለሙያ ሆነህ ነው የሚስትህን ቀሚስ ልብስ ሰፊ ጋ የምትወስደው!» አልኩት።

ቀለም ቀብቶ እንደገጠመው ጋሽ ዘርይሁን መጡ። ጎንበስ ብለው ዳበሱት።

«እዚህ ጋ የነበረው ስንጥቅስ?»

«የነበረው?» አለ ጎረቤቴ።

«ባለፈው ሳምንት አንዱ ታክሲ ገጭቶኝ! ነገ የኢንሹራንስ ሰው ጉዳቱን ሊያይ ይመጣል። ቁልፉን ስሰጥህ አላየኸውም?»

«ደስታው መች አሳየኝ፣ ጋሼ። አሁን ታዲያ ምን ይሻላል?»

ጋሽ ዘርይሁን ደጃፉ ላይ ያለችውን በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«እንደሰጠሁህ አድርገህ መልስልኛ።»