ጠጪዋ

«ጥማቷ እንዴት ነው?» ትላለች አክስቴ፣ ቤጎኒያ የምትባለውን የአበባ ችግኝ ከነፕላስቲኳ ወደ ፊቷ አስጠግታ። ቅጠሏን ትገለብጣለች፣ ጀርባውን ታያለች፣ መልሳ ጭኗ ላይ ታስቀምጣታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ያገኘችውን ሁሉ የምትይዘው አሁን እንደተወለደ ልጅ ነው።

«በሁለት ቀን አንዴ፣ አፈሩ ከላይ ደረቅ ሲል።»

«ጠጪ ናት በይኛ።»

«እርጥበት ወዳድ ነው የሚባለው፣ እታለም።»

«እሱን ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፣ ፕሮፌሰር። ጠጪ ናት።»

የኋላው በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ከችግኝ ሻጩ ያመጣኋቸውን ሦስት ችግኞች እያየን ነው፤ እሷ በርጩማ ላይ፣ እኔ መሬት። ጎረቤታችን አራተኛውን ፎቅ ከጨመረ ወዲህ ፀሐይ እዚህ አትደርስም። ፈርን የምትባለው የአክስቴ ባለ ላባ ቅጠል ተክል ግን ጥላው ተስማምቷታል። ሰፊው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ቅጠሏን እንደ ጃንጥላ ዘርግታለች፤ ከሥሯ ያለው አፈር ብቻ ባዶውን ቀርቶ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል።

«እግሯ ራቁቱን ነው፤ የሚያለብስላት ፈልጊ» ያለችኝ እሑድ ዕለት ነው። የዚያኑ ቀን ስለ ደብዳቤው ነግሬያታለሁ። ውጭ አገር የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ለሁለት ዓመት እንድሠራ ይጠይቀኛል፤ መልስ የሚጠብቁት እስከ ነገ ነው። «ጥሩ ነው» አለችኝ። ወዲያው የፈርኗን እግር ነገር አነሳች።

ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። ሻንጣዬ እስካሁን በሩ ጥግ ቆሟል፤ አልጋ ሥር ልከተው አስቤ አላውቅም፣ ላስበውም አልፈለግሁም። እዚያ ሳለሁ ይሄን በረንዳ እያሰብኩ አውቶቡስ ያመልጠኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ፈርን እያጠጣሁ የዚያ አገር አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አሰላለሁ።

«ይቺስ?» ትላለች ሁለተኛዋን አንስታ። በሮዝ አበባ የተሸፈነች ናት፤ ችግኝ ሻጩ «ሳቂታ» ነው የሚላት። «ጥርሷ አያርፍም እንዴ?»

«ጥላ ውስጥ ማበብ ትችልበታለች። ግን ቋሚ ተክል አይደለችም።»

«የኮንትራት ናት?»

«አንድ ወቅት ብቻ ነው የምትቆየው።»

«ወዲያ! ገና ስለምዳት ልትሰናበተኝ?» ትላለች። ከዚያ በጎን ታየኛለች። «ስለ አበባዋ ነው የማወራው።»

«አውቃለሁ።»

ሦስተኛው ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ። ስለ እሱም የምትጠይቀኝ ያንኑ ጥማቱን ነው።

«እሱ እንኳ ቻይ ነው» እላለሁ። «በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ቢረሳም ዐሥር ቀን ይቆያል።»

«ዐሥር ቀን!» ፊቷ ይበራል። «ይሄ ነው የሰው ልጅ!»

«ግን ሐረግ ይወርሳል፣ እታለም። ዓመት ሳይሞላው ሥሩ የፈርኗን ሥር ያንቀዋል።»

«እከረክመዋለሁ።»

«ደግሞ ፈርኗ ራሷ በሁለት ቀን ትጠማለች። በአንድ ማሰሮ የሚኖሩ ጥማታቸው እኩል ካልሆነ አንዱ ይደርቃል፣ ወይ አንዱ ይበሰብሳል።»

«ትለምዳለች» ትላለች ቀስ ብላ። «ፈርኗም ትለምዳለች።»

አፈሩን ልታረጥብልኝ ብላ የውሃ ማጠጫውን ታነሳለች። በሁለት እጇ ነው የያዘችው፤ ቢሆንም ይንቀጠቀጣል። ውሃው ግማሹ ጋዜጣው ላይ ይፈሳል። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መልሳ ታስቀምጠዋለች፣ እጇንም ሹራቧ ውስጥ ትከተዋለች።

ሰባት ወር ሙሉ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሥራ የተከፋፈልን ይመስለኝ ነበር።

ሦስቱንም ተራ በተራ አያለሁ። የአንዳቸውንም ቀለም አልጠየቀችኝም፤ ቁመታቸውንም፣ ለዓይን ማማራቸውንም። ለካ እስካሁን የምትመርጠው ለፈርኗ ጓደኛ አልነበረም። እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ ውሃ የሚያጠጣ ሰው በሌለበት ቤት መኖር የሚችል ነው።

በጣቶቼ አፈሩ ላይ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ከዚያ ቤጎኒያዋን ከጭኗ ላይ አነሳለሁ።

«አንገቷን!» ትላለች ሳታስበው፣ በአዋላጅ ድምፅ። «አንገቷን ያዢ፣ በሁለት ጣት መሀል። አሁን ገልብጫት። ከታች መታ መታ አድርጊ። አትሳቢ! ራሷ ትምጣ።»

ቤጎኒያዋ ከነአፈሯ መዳፌ ላይ ዱብ ትላለች።

«መጣች» ትላለች አክስቴ፤ ከዚያ ነው የትኛዋ እንደሆነች ያስተዋለችው። «ይቺ እኮ ጠጪዋ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«በሁለት ቀን አንዴ ነው ያልሽኝ።»

«በሁለት ቀን አንዴ።»

አፈሩን ዙሪያዋን እጠቀጥቃለሁ። አክስቴ ሐረጉን በጫማዋ ጫፍ ወደ ግድግዳው ገፋ ታደርገዋለች።

«እንግዲያ ይሄን ለባለ አራት ፎቁ ስጪልኝ። ፀሐዬን ወስዶ የለ? ይውረሰው።»

ሳቄ ያመልጠኛል። እሷ ግን አትስቅም፤ ቀኝ እጇን ከሹራቧ አውጥታ ጣቶቿን ዘርግታ ታያቸዋለች።

«ዛሬ ሐሙስ አይደል?»

«ሐሙስ ነው።»

«ስለዚህ ቅዳሜ» ትላለች፣ አውራ ጣቷን አጥፋ። «ሰኞ። ሮብ። ዓርብ።» ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን አንድ በአንድ ይታጠፋሉ። «እሑድ።»

እጇ ሞላ። በሌላው በርጩማውን ተደግፋለች። ጭቃ የነካውን እጄን ወደ ጭኗ ትስብና አውራ ጣቴን ታጥፋለች።

«ማክሰኞ።»